ከንፋስ መውጫ እስከ ባሕር ዳር፦ የአንድ ቤተሰብ የዕረፍት ዕቅድ

በዚህ ሳምንት ስለ አንድ መንገድ ልጻፍላችሁ። መንገዱ ገና አልተሄደም። ዕቅድ ነው። ዕቅድ ማለት አንድን ሥራ ከመጀመር በፊት መቼ፣ እንዴት፣ በስንት ገንዘብ እንደሚሠራ አስቦ መወሰን ማለት ነው።

በዚህ ክረምት ለማስተማር የተመደብኩት ከንፋስ መውጫ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። የማድረው ከአንድ ገበሬ ቤት ነው። በቤቱ ውስጥ አባወራው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ወንዶች ልጆች፣ አንዲት ትንሽ ሴት ልጅና አያት አሉ። አባወራውና ባለቤታቸው ሁለቱም ተማሪዎቼ ናቸው። ማታ ማታ ከእራት በኋላ በሶላር መብራት ደብተራቸውን ይገልጣሉ።

ይህን ጽሑፍ ያመጣው የትልቁ ልጅ ነገር ነው። አባቱ አምና «ስምንተኛን ካለፍክ ጣናን ወስጄ አሳይሃለሁ» ብለውት ነበር። ልጁ አለፈ። ቃል ደግሞ የእምነት ዕዳ ነው። ስለዚህ አንድ ማታ አባወራው ከደብተራቸው ላይ አንድ ቅጠል ገነጠሉ። በላዩ ላይ «ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱ» ብለው ጻፉ። ከሥሩ የራሳቸውን ስም ጻፉ። ቀጥለው የትልቁን ልጅ ስም፣ ከዚያ የታናሹን ጻፉ። ወረቀቱን ከመደቡ ላይ ትተው ተኙ።

ጠዋት ባለቤታቸው ቡና ሊያፈሉ ሲነሡ ወረቀቱን አገኙ። ጣታቸውን በየፊደሉ ላይ እያስኬዱ ቀስ ብለው አነበቡ። ሦስቱን ስም አነበቡ። ከዚያ ባዶውን መስመር አዩ።

«መምህር፣ ይህ ወረቀት አልቋል ወይ?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ እትዬ፣ ገና ይመስለኛል» አልኳቸው።

እስክሪብቶ አነሡ። የራሳቸውን ስም ጻፉ። ከሥሩ የሴት ልጃቸውን ስም ጻፉ። በልጅቷ ስም ላይ አንድ ፊደል ሳቱ፤ ሰረዙና እንደገና ጻፉት። ወረቀቱን ከነበረበት መልሰው አስቀመጡት። ምንም አልተናገሩም። ቡናውን አፈሉ።

አባወራው ቀን ከአረም ሲመለሱ አዩት። ብዙ ዝም አሉና «ላሚቱን ማን ሊያልባት ነው?» አሉ። ባለቤታቸውም «እኔ የወለድኩ ጊዜ ማን አለባት?» ብለው መለሱ። በዚህ ቤት የዕቅዱ ወሬ እውነተኛ የሆነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

እንግዲህ ነገሩን በክፍል ውስጥ አነሣነው። «ለዕረፍት መንገድ መሄድ» ስል ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ «መምህር፣ በእኛ ዘንድ ዐረፈ ማለት ሞተ ማለት ነው፤ ምነው ቸኮልክብን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእኛ አገር ሰው ከቤቱ የሚነሣው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለጠበል፣ ለፍርድ ቤት ወይም ለሐኪም ነው። ዝም ብሎ ውሃ ለማየት መሄድ የሀብታም ወይም የሥራ ፈት ሥራ ይመስላል።

ነገር ግን በሌላውም አገር ቢሆን ይህ ነገር ከጥንት የነበረ አይደለም። በፈረንሳይ አገር የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቆረጥ በዓመት ሁለት ሳምንት እንዲያርፍ በሕግ የተፈቀደለት በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ በእኛ 1928 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያ ዓመት ብዙ ሠራተኞች ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው በቅናሽ የባቡር ቲኬት ወደ ባሕር ወረዱ። በዕድሜያቸው ባሕር አይተው የማያውቁ ብዙዎች ነበሩ። እነሱም ሲጀምሩት ሳይሳቅባቸው አልቀረም።

እነዚህ ሰዎች የሚሄዱት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው። ያ ወቅት ለእነሱ ሙቀት ነው፤ ፀሐይ ነው። ለእኛ ግን ዝናብ ነው። «የክረምት ዕረፍት» የሚለው ቃል ብዙ ሰው የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ወራቱ አንድ ናቸው፤ የአየሩ ጠባይ ግን ተቃራኒ ነው። የእኛ ትምህርት ቤትም የሚዘጋው በክረምት ነው። ምክንያቱም ልጆች በአረምና በጥበቃ ያግዛሉ፤ መንገዱም ጭቃ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ተዘጋ ማለት ገበሬው ዐረፈ ማለት አይደለም። እንዲያውም ሥራው የሚበዛበት ያን ጊዜ ነው።

ከተማሪዎቼ አንዱ ድሮ ወታደር ነበሩ። በደርግ ጊዜ ምጽዋ ኖረዋል። «ውሃው ጨው ነው፤ ቢጠሙም አይጠጣም» ብለው ሲናገሩ ሴቶቹ አላምን አሉ። እውነት ነው። የባሕር ውሃ ጨው አለበት። ምጽዋ በቀይ ባሕር ዳር ያለች ወደብ ናት። በሰኔና በሐምሌ ሙቀቷ አይቻልም። ስለዚህ ከአስመራ ሰው ለመዝናናት ወደ እርሷ የሚወርደው ደጋው በሚበርድበት በታኅሣሥና በጥር አካባቢ ነው። ከአስመራ እስከ ምጽዋ በመኪና 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኤርትራ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ራሷን የቻለች አገር ስለሆነች ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። አዛውንቱም «አሁንማ ለእኔም ሩቅ ናት» አሉ።

ታዲያ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው ቅርቡ ባሕር የትኛው ነው? ጣና ነው። ጣና ሐይቅ ነው፤ ውሃው ጨው የለበትም። ሆኖም አባቶቻችን ባሕር ብለው ጠርተውታል። የከተማውም ስም ባሕር ዳር መባሉ ከዚህ የመጣ ነው። የሐይቁ ርዝመት 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ስፋቱ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። በዳርቻው ከባሕር ዳር ሌላ ጎርጎራ፣ ደልጊና ቁንዝላ የሚባሉ ከተሞች አሉ። ጎርጎራ በሰሜን በኩል ነው፤ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለእኛ ግን ቅርቡና ቀላሉ ባሕር ዳር ነው። ፊቱን ወደ ወሎ ያደረገ ሰው ደግሞ በወልድያ በኩል ወርዶ ከደሴ አጠገብ ያለውን ሐይቅ ከተማን ማየት ይችላል።

አሁን ወደ ዕቅዱ እንመለስ። የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ?» የሚል ነው።

ልጁ «አሁን በነሐሴ እንሂድ» ይላል። እኔም መጀመሪያ ይህ መስሎኝ ነበር። አባወራው ግን ጣታቸውን እየቆጠሩ አስረዱኝ። ነሐሴ አረም ነው። መስከረምና ጥቅምት እህሉ ጥበቃ ይፈልጋል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። በልግ ለሚዘራ ሰው ደግሞ የካቲት እርሻ ነው። ስለዚህ የቀረው ጥር ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገቡም፤ ነገር ግን የእሳቸው የቀን መቁጠሪያ ከእኔ የተሻለ ነበር።

ከዚያ ባለቤታቸው ስለ ጾሙ አነሡ። የነቢያት ጾም የሚፈታው በገና ነው። ዐቢይ ጾም አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በየካቲት ነው። በዐቢይ ጾም ዓሣ የሚበላ ሰው አለ፤ የማይበላም አለ። እሳቸው አይበሉም። «ጣና ወርጄ ዓሣ ሳልቀምስ ልመለስ?» አሉ። ይህም ወደ ጥር አመጣን። ትምህርት ቤቱም በዓመቱ አጋማሽ ጥቂት ቀን ይዘጋል፤ ልጆቹ ከትምህርታቸው አይስተጓጎሉም። በጥምቀት ሰሞን ግን ባሕር ዳርም ጎንደርም ሰው ይሞላል። አልጋ ይወደዳል። ስለዚህ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ከጥር አጋማሽ በላይ እንዲሆን ተስማማን።

ሁለተኛው ጥያቄ መንገዱ ነው። ከንፋስ መውጫ እስከ ደብረ ታቦር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደብረ ታቦር እስከ ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱን ደምሩ። 175 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ደርሶ መልስ 350 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ከወልድያ ወደ ወረታ የሚሄደው ነው። ቻይናዎች በደርግ ዘመን ስለ ሠሩት እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይባላል።

ከእኛ ተነሥቶ የጉናን ተራራ ጥግ ይዞ ያልፋል። ጉና ከ4100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ክምር ድንጋይንና ጋሳይን አልፎ ደብረ ታቦር ይገባል። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም. ይህንኑ መድፍ ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በእኛው በጋይንት በኩል ነው። መንገድ እያስጠረጉ ስለ ሄዱ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ታናሹ «መኪና አልነበራቸውም?» አለኝ።

ከደብረ ታቦር ወደ ታች ሲወረድ የዓለም ሳጋ ደን አለ። ከዚያ ወረታ ይደረሳል። ከወረታ ጀምሮ አገሩ ሜዳ ነው። ፎገራ ይባላል። ሩዝ የሚዘራበት ነው። የደጋ ሰው ይህን ሲያይ ይደነቃል፤ ገብስና ድንች ለለመደ ዓይን በውሃ ውስጥ የቆመ እህል እንግዳ ነገር ነው። በጥር ግን ሩዙ ታጭዷል፤ የምታዩት ገለባውን ነው። ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ የጉማራ ወንዝ ይሻገራል። ጉማራ የሚነሣው ከጉና ነው። የምታውቁት ተራራ ውሃ ከእናንተ ቀድሞ ጣና ይገባል ማለት ነው።

ባሕር ዳር ሲደረስ ዓባይ አለ። ዓባይ ከጣና የሚወጣው ከከተማው ጥግ ነው። በላዩ ላይ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል።

ስለ መንገዱ አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ድረስ መጥቶ እንደነበር እናንተው ታውቃላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በክልላችን ሌላ ውጊያ ተነሥቶ ብዙ ጊዜ መንገድ ተዘግቷል። ስለዚህ ቀን ቆርጦ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ከልጆች ጋር መነሣት አይገባም። በዋዜማው መናኸሪያ ሄዶ ሾፌሮችን መጠየቅ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ያለ ዘመድም ይደወልለት። «ክፍት አይደለም» ከተባለ ዕቅዱ ይቆያል። ጣና የትም አይሄድም። ማልዶ ተነሥቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ መግባት ነው። በማታ መንገድ አይሄድም።

ሦስተኛው ጥያቄ ገንዘብ ነው። ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ የዛሬውን እዚህ ብጽፈው ነገ ውሸት ይሆናል። የምጽፈው የአሠራሩን መንገድ ነው። መናኸሪያ ሄዳችሁ ታሪፉን ጠይቁ። ለምሳሌ ያህል ለአንድ ሰው መሄጃ 400 ብር ነው እንበል። የሚሄዱት 5 ሰዎች ናቸው። 400 በ5 ሲባዛ 2000 ነው። መመለሻም አለና በ2 ስታበዙት 4000 ብር ይሆናል። ትንሽ ልጅ በጭን ስትቀመጥ አይከፈልላት እንደሆነ መጠየቅ ነው። ይህ የመኪና ብቻ ነው። ከዚህ በታች የማደሪያ፣ የምግብ፣ የጀልባና የመጠባበቂያ ይጻፋል። መጠባበቂያ ማለት ሰው ቢታመም ወይም መንገድ ቢዘጋ የሚያዝ ገንዘብ ነው። ይህኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት እንዲጻፍ አደረግሁ።

የእኛዎቹ ሁለት በግ ለመሸጥ አስበዋል። በጉ መሸጥ ያለበት ለገና ገበያ ነው፤ ያን ጊዜ ዋጋ ያወጣል። ከገና በኋላ ይወርዳል። የቀረውን ከድንች ሽያጭ ሊያሟሉ ነው። አባወራው በመሐል «ከብድር ማኅበር ትንሽ ብንወስድስ?» ብለው ነበር። ባለቤታቸው እምቢ አሉ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ብድር ለበሬ፣ ለዘርና ለማዳበሪያ ነው እንጂ ለሽርሽር አይወሰድም። በዚህ ቀበሌ ከመኸር እስከ መኸር እህሉ የማይደርስለት፣ በሴፍቲኔት የሚኖር ጎረቤት አለ። እንዲህ ላለው ቤት ዘንድሮ ሂድ አልልም። ሐሳቡን ግን ይወቀው፤ ዓመት ይመጣል።

ወጪውን የሚያቀልሉ መንገዶች አሉ። ስንቅ መያዝ አንዱ ነው። በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎና ዳቦ ኪሎው ትንሽ ነው፤ አይበላሽም። ባሕር ዳር ዘመድ የሌለው የጋይንት ሰው አይጠፋም ባይባልም፣ ብዙው አለው። ዘመድ ቤት ማደር ነውር አይደለም። ነገር ግን የከተማ ቤት ጠባብ ነው፤ ኑሮውም ውድ ነው። አምስት ሆኖ ድንገት መድረስ ደግ አይደለም። ቀድሞ መደወል፣ ድንችና ሽሮ ይዞ መሄድ፣ ከሁለት ሌሊት በላይ አለማደር ይሻላል። ዘመድ ከሌለ መናኸሪያው አካባቢ ርካሽ ማረፊያ ይገኛል። ከመክፈል በፊት ክፍሉንና አጎበሩን ማየት ነው።

አጎበር አልኩ። እዚህ ላይ ቆም ልበል። የራሴን ልንገራችሁ።

የተወለድኩት ደብረ ታቦር ነው። ደብረ ታቦር እንደ እናንተ አገር ደጋ ነው። አሥር ዓመት ሲሆነኝ በጥቅምት ወር አባቴ ሠርግ ሲጠራ ይዞኝ ወደ ጣና ዳር ወረደ። ሦስት ሌሊት ያለ አጎበር ተኛን። ትንኝ ሲነክሰኝ ሌሊቱን ስፎክት አደርኩ። ተመልሰን ምንም አልሆንኩም። አሥራ ሁለት ቀን ያህል ካለፈ በኋላ ግን ብርድ ብርድ አለኝ፤ ተንቀጠቀጥኩ፤ ራሴን ፈለጠኝ። አያቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። ሁለት ቀን እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው ቀን አልለይ አልኩ። ጤና ጣቢያ ስወሰድ ነርሷ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሰሞኑን ከደጋ ወጥቶ ነበር ወይ?» አባቴ ነገራት። ደሜ ታየ። ወባ ነበር። ያች ጥያቄ ባትኖር ዛሬ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር ብዬ አስባለሁ።

የደጋ ሰው ወባን ስለማያውቃት ሰውነቱ አይቋቋማትም። በልጅና በነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ትበረታለች። በጣና ዙሪያ ወባ የምትበዛው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። በጥር ትቀንሳለች፤ ግን አትጠፋም። ስለዚህ አጎበር ያለው ቤት ያርፋሉ፤ ካልሆነ የራሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ሰው ቢኖር በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድና «ጣና ወርጄ ነበር» ይበል። ይህን ዓረፍተ ነገር ባለቤታቸው በወረቀቱ ጀርባ በትልልቅ ፊደል ጽፈውታል።

ውሃውም የራሱ ነገር አለው። ልጆች ውሃ ሲያዩ ልብሳቸውን ጥለው መግባት ይወዳሉ። በጣና ዳርቻ፣ በተለይ ሣርና ደለል ባለበት ጥልቅ ባልሆነ ውሃ፣ ቢልሃርዝያ የሚባል በሽታ አለ። በሽታውን የሚያመጣው ትል በትንንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና በቆዳ ይገባል። ቁስል ባይኖርም ይገባል። ሆድ ያሳምማል፤ ዐይነ ምድር ላይ ደም ያመጣል። መድኃኒት አለው። ግን ካለመግባት የሚሻል የለም። ውሃውንም ሳያፈሉ አይጠጡትም። ጉማሬም አለ። ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል። ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። በእሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው አይተርፍም። ስለዚህ ሲመሽ ከዳር መራቅ ነው። የኔ ተማሪዎች ይህን ሁሉ ሰምተው «ታዲያ ለምን እንሄዳለን?» አሉ። ለማየት ነዋ! ገደልም አገራችን ሞልቷል፤ በገደል አፋፍ መቆም የምናውቅ ሰዎች ነን።

የሚታየው ብዙ ነው። ከሁሉ በፊት ውሃው ራሱ አለ። ማዶው አይታይም። የባሕር ዳር ከተማ በዳርቻው የእግር መንገድ አለው። ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ነጩን ትልቅ ወፍ፣ ይብራን፣ ማየት በነፃ ነው። ደንገል ከሚባል የውሃ ተክል የተሠራች ታንኳ አለች። የወይጦ ሰዎች ታስረው የሚሠሯት ናት ሲባል ልጆቹ «ማን አሰራቸው?» ብለው አሳቁኝ። የታሰረው ደንገሉ ነው፤ ሰዎቹ አይደሉም። ሚስማር የሌለባት፣ በገመድ ብቻ የተጠፈረች ጀልባ ናት። በማለዳ ዓሣ አጥማጆች ሲመለሱ ቆሮሶና አምባዛ ይሸጣል። ዳር ዳሩን አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ቅጠል ግን ለምለም መስሎ አያታልላችሁ። እምቦጭ ነው። በጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የታየ መጤ አረም ነው። አረም ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ጀልባ ለመሳፈር በማለዳ መሆን አለበት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበል ይመጣል። ዋጋውን ከመሳፈር በፊት መቁረጥ ነው። ብዙ ጊዜ ዋጋው በሰው ሳይሆን በጀልባው ስለሆነ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተጋርቶ መሳፈር ይቀልላል። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለልጅም ጭምር፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ አለመሳፈር ነው።

የሚሄዱበት ደሴት ላይ ደግሞ ክርክር ተነሣ። በሐይቁ ላይ ብዙ ገዳማት አሉ። አባወራው ስማቸውን የሰሙት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። «ክብራን ቅርብ ነው፤ እዚያ እንሳለም» አሉ። በክብራንና በዳጋ ገዳማት ግን ሴት አትገባም። ይህን ስነግራቸው ባለቤታቸው ወደ ደብተራቸው ቀና ብለው «እኔና ልጄ ጀልባ ላይ ልንጠብቅ ነው?» አሉ። እንግዲህ ዘጌ አለ። ዘጌ ደሴት አይደለም፤ ወደ ሐይቁ የገባ በደን የተሸፈነ የብስ ነው። በዛፎቹ ሥር ቡና ይበቅላል። እዚያ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶችም ወንዶችም ይገባሉ። በግድግዳዋ ላይ ያለው የጥንት ሥዕል ፊደል ላልቆጠረም ሰው ታሪኩን የሚነግር ነው። ባለቤታቸው «ዘጌ» ብለው ጻፉ። አባወራውም አልተቃወሙም።

የቀረው የቤቱ ነገር ነው። አምስቱ ሲሄዱ ላሚቱ፣ በጎቹና ዶሮዎቹ ይቀራሉ። አያትም ይቀራሉ። «እኔ የመኪና ሽታ አልችልም፤ ከዘጌ እምነትና ጠበል አምጡልኝ» ብለዋል። ለሥራው ግን አቅም የላቸውም። ይህን የፈታው ወንፈል ነው። ወንፈል ለአረምና ለአጨዳ እንደሚደረገው ሁሉ ለዚህም ሆነ። የባለቤታቸው እህት አራት ቀን መጥተው ቤቱን ይይዛሉ። ሌላ ጊዜ እሳቸው መንገድ ሲኖራቸው ይኸኛው ቤት አራት ቀን ይከፍላል። ሁለቱ እህቶች ይህን በአንድ የቡና ሥርዓት ጨረሱት። እኔ ለአንድ ሳምንት ስጨነቅበት የነበረ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። ስንቁን ማን ያዘጋጃል? ባለቤታቸው። ዘመድ ቤት ሲደረስ ወጥ ቤት የሚገቡት ማን ናቸው? እሳቸው። ልጅቷን የሚያዝሉት? እሳቸው። እንግዲህ ይህ ቦታ ለወጠ እንጂ ዕረፍት አይደለም። ይህን ለአባወራው በክፍል ሳይሆን ለብቻቸው፣ ከብት ስናስገባ ነገርኳቸው። ልጅ ስለሆንኩ እየፈራሁ ነው የተናገርኩት። ዝም ብለው ሰሙኝ። በማግሥቱ ወረቀቱን ሳየው በእሳቸው እጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሮበታል፦ «አንድ ቀን ምሳ ሆቴል። ዓሣ።»

ባለቤታቸው ያንን መስመር ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ዓሣ» የሚለው ቃል ላይ «ሣ» በትክክል መጻፉን ለማየት ነው አሉኝ።

ወረቀቱ አሁን ከምሰሶው ላይ በሚስማር ተሰቅሏል። የአምስት ሰው ስም፣ የኪሎ ሜትሩ ድምር፣ የታሪፉ ማባዣ፣ የመጠባበቂያው መስመርና የወባው ማስጠንቀቂያ በጀርባው አሉበት። ከታች «ቀን» የሚል ቃልና «ጥር» የሚል ቃል አለ። በሁለቱ መካከል ለቁጥሩ ትንሽ ቦታ ተትቷል። እኔ መስከረም ሲጠባ ወደ ትምህርቴ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ እመለሳለሁ። በጥር ስለ መንገዱ የሚደወለው ለእኔ ነው። ባለቤታቸው የስልክ ቁጥሬን ራሳቸው ጻፉና መልሰው አነበቡልኝ።